ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ፤ የአሻንጉሊት ቤትና የኮምፔርሳቶ ነገር

ባለፈው ክረምት ልጄ ከቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ የለበሰ ዕቃ አውርዳ ሳሎን መሀል አስቀመጠችው። "አባዬ፣ ይኼን ታስታውሰዋለህ?" አለችኝ። እንዴት እረሳዋለሁ! በ1990 ዓ.ም. እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች በገዛ እጄ የሠራሁላት የአሻንጉሊት ቤት ነው። ሁለት ፎቅ፣ አራት ክፍል፣ ጣሪያው ቀይ፣ ግድግዳው ደማቅ ቢጫ።

ያን ጊዜ የኮራሁበት ሥራ አሁን ቀረብ ብዬ ሳየው አሳፈረኝ። በግድግዳው ላይ የእንጨቱ መስመሮች ልክ እንደታረሰ ማሳ ተጋድመው ይታያሉ። የመስኮቶቹ ጠርዝ ተፈልጧል። ምስማር የገባበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ጉድጓድ ሆኗል። ሦስት ጊዜ ደራርቤ እንደቀባሁት አስታውሳለሁ። ሦስቱም ቅብ ግን አንዱን ጉድለት እንኳ አልሸፈነልኝም።

ልጄ የጠየቀችኝ ቀላል ነገር ነው። "እሸውና በአዲስ ቀለም ቀባው፤ ለልጄ እሰጣታለሁ" አለችኝ። የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እኔም እሺ አልኩ። በማግሥቱ በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ ከሱቅ የገዛሁትን ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ማሸት ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ እጄም፣ ሱሪዬም፣ ወለሉም ቢጫ ዱቄት ለበሰ። ትንሿ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና በዱቄቱ ላይ በጣቷ ፀሐይ ሣለች። ጣቷን ወደ አፏ ስትወስድ እጇን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት ለራሴም የገባኝ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት ያነበብኩት አንድ ደንብ ትዝ ብሎኝ ነበር።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018) ያወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የሊድ መጠን ይገድባል። ሊድ በአማርኛ እርሳስ የምንለው ከባድ ብረት ነው። የተፈቀደው ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ ነው። ይኸውም በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም ማለት ነው። አሜሪካኖች ለቤትና ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ሊድ ያለበት ቀለም የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ከ2009 ጀምሮ የእነሱም ጣሪያ ይኸው 90 ነው። ነገሩ እንዲያውም የቆየ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሕንፃዎች የውስጥ ቅብ ላይ ነጭ ሊድ መጠቀምን የሚመለከተውን ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ ያን ቤት የቀባሁት ደንቡ ከመውጣቱ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ የዘይት ቀለም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊድ ክሮሜት በተባለ ማቅለሚያ ይሠራ ነበር። የኔ ጣሳ ውስጥ ሊድ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ጣሳው ከተጣለ ዘመን የለውም። ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል ብለው አስተምረውናል። ያ መርሕ የተጻፈው ግን ለሰው እንጂ ለቀለም ጣሳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሕፃናት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የሊድ መጠን የለም፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው። ቀለሙ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ካለበት ጊዜ ይልቅ የሚያሰጋው እንደኔ ያለ ሰው በደረቁ አሽቶ ዱቄት ሲያደርገው ነው። ደንቡም ቢሆን ገበያ ላይ ለሚወጣ ቀለም እንጂ ድሮ ተቀብቶ ለደረቀ ቀለም ሊደርስለት አይችልም።

የልጅቷን እጅ በሳሙና አጠብኩ። ዱቄቱን በመጥረጊያ ብጠርገው አየር ላይ ስለሚበተን ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ወለወልኩ። ልብሴንም ለብቻው አሳጠብኩ። ማታ ለልጄ አሮጌው ቤት ለልጅ እንደማይሰጥ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። "እኔ ግን ተጫውቼበት አድጌያለሁ" አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። "አዲስ እሠራለሁ፤ በዚህኛው ግን እንደ ሰው እሠራዋለሁ" አልኳት። የሚከተለው ያን ቃል ለመጠበቅ ስል የተማርኩት ነው።

የሕግ ሰው ስለ አናጺነት ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት አለው። እኔም ያደረግሁት ሙያዬ የሚያዘውን ነው፤ የሚያውቅ ሰው ፊት ሄጄ ጠየቅሁ። በሰፈራችን ከአርባ ዓመት በላይ በእንጨት ሥራ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። አሮጌውን ቤት ላስቲክ ውስጥ እንዳለ አየት አደረጉና "ልጄ፣ አንተ እኮ የቀባኸው እንጨት አይደለም፤ ቁስል ነው" አሉኝ። መሳቅም መከፋትም አማረኝ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። የተለመደው የአሻንጉሊት ቤት ልክ አንድ ለ12 ነው፤ የእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ እዚህ አንድ ኢንች ይሆናል። በእንግሊዝ ዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚገኘው፣ ኤድዊን ሉቲየንስ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት የተሠራው በዚሁ ልክ ነው። ታዲያ በኮምፔርሳቶው ላይ ያለች የግማሽ ሚሊ ሜትር ስንጥቅ በዓይን መጠን ስትሰላ ስድስት ሚሊ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው። በእውነተኛ ቤት ግድግዳ ላይ ስድስት ሚሊ የሆነ ስንጥቅ ቢታይ መሐንዲስ እንጠራለን። የአሻንጉሊት ቤት አሻንጉሊት የሚመስለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ጣሪያው ተመጥኖ ሳለ የእንጨቱ መስመር አልተመጠነም።

ኮምፔርሳቶ፣ ጣልያኖቹ ኮምፔንሳቶ የሚሉት፣ የተላጠ እንጨት ንብብር ነው። ግንዱ እየተሽከረከረ በረዥም ቢላ ይላጣል። ብርቱካን ልጣጩ ሳይበጠስ እንደሚላጠው ማለት ነው። ልጣጮቹ አንዱ በቁመት፣ ቀጣዩ በአግድም እየሆኑ በኮላ ይጣበቃሉ። ቁጥራቸው አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ ነው፦ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ይህ አደራረብ እንጨቱን ከመጣመም ይጠብቀዋል። ክብ የነበረውን ልጣጭ ቀጥ ማድረግ ግን በአንድ ወገኑ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይተዋል፤ እርጥበት ሲነካቸው ይከፈታሉ። እንደ ጥድ ባለ እንጨት ላይ ደግሞ ለስላሳውና ጠንካራው መስመር ስለሚፈራረቅ፣ ለስላሳው ቀለሙን ይጠጣል፣ ጠንካራው ጎልቶ ይቀራል። የኔ ማሳ ከዚህ የመጣ ነበር። ከሁሉም በላይ መታወስ ያለበት ግን የላይኛው ልጣጭ ስስነት ነው። በርካሽ ኮምፔርሳቶ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አሽቼ አስተካክለዋለሁ ብሎ መነሳት የሚያዋጣው እስከ አንድ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የታችኛው ንብብር ብቅ ይላል።

ስለዚህ ግማሹ ሥራ ሱቅ ውስጥ ያልቃል። ሰሌዳው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው የሚመጣው። ለግድግዳ 6 ወይም 9 ሚሊ ውፍረት ይበቃል። ሻጩ ቢሰለችም ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ከጎን ማየት ያስፈልጋል፤ ፊት ለፊት ሲታይ ሁሉም ለስላሳ ነው። ጠርዙም ይታይ። በንብብሮቹ መሀል ክፍተት ካለ፣ በተለይ መስኮት በሚወጣበት ቦታ፣ በኋላ ያስለቅሳል። በእጅ ኳ ኳ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታም ያው ነው። በርች ከተባለው ዛፍ የተሠራው ጥቅጥቅ ያለና ለቀለም የሚመች ነው፤ ዋጋው ይጨምራል። እኔ አቅሜ የፈቀደውን ገዛሁ።

አዛውንቱ ያሳዘዙኝ የመጀመሪያ ነገር ቤቱን እንዳልገጥም ነው። "ገጥመህ ከምታሸው አሽተህ ግጠመው።" ግድግዳው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታሽ እጅ በነፃነት ይሄዳል፤ ቤት ከሆነ በኋላ ጥግ ጥጉ አይደረስም። የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ከፍ ሲል ይለሰልሳል። በ120 መጀመር፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 220። ከ100 በታች የሆነውን ወደዚህ ስስ እንጨት ማስጠጋት አያስፈልግም። ወረቀቱ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚያዘው፤ በጣት የተጫኑት ወረቀት ጉድጓድ ይቆፍራል። የሚታሸው የእንጨቱን መስመር ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይደለም፤ አቋርጦ የሄደ ጭረት ቀለም ከተቀባ በኋላ ፈገግ ብሎ ይታያል።

አንድ ብልሃት ወደድኩላቸው። ከማሸት በፊት ግድግዳውን በሙሉ በእርሳስ ለስለስ አድርጎ ማስመር ነው። (ይህ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት እንጂ ሊድ አይደለም፤ የስም መመሳሰል ነው።) ሲታሽ መስመሩ የጠፋበት ቦታ ከፍ ያለው፣ ሳይጠፋ የቀረው ዝቅ ያለው ነው። ሁሉም እስኪጠፋ ድረስ መቀጠል ግን ስህተት ነው። ዝቅ ያለው የሚሞላው በስቱኮ ነው። የእንጨቱ መልክ በድንገት ሲለወጥ ወይም ጠቆር ያለ የኮላ ምልክት ሲመጣ እጅ ይነሳ፤ ልጣጩ አልቋል። እኔ ይህን የተማርኩት በስተግራ ግድግዳ ላይ ነው፤ ያን ግድግዳ እንደገና ቆረጥኩት። ለአፍና ለአፍንጫ ጭምብል ያስፈልጋል። አዲስ እንጨት ቢሆንም ዱቄቱ ለሳንባ አይሆንም።

ስለ ስቱኮ የሰው ሐሳብ የተለያየ ነው። አናጺዎች የሚወዱት የመጋዝ ዱቄትን ከነጭ ኮላ ጋር መለወስ ነው። ቀዳዳ ይሞላል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ከዙሪያው እንጨት ስለሚጠነክር በሚታሽበት ጊዜ እንጨቱ ይጎዳና እሱ እንደ ጉብታ ይቀራል። ለሚቀባ ግድግዳ አልመርጠውም። ለምስማር ቀዳዳ ለእንጨት የሚሆን ስቱኮ ይሻላል፤ ሲደርቅ ስለሚሸሽ ሁለት ጊዜ መሙላት ይፈልጋል። ለእንጨቱ መስመሮች ደግሞ ስቱኮው እንደ ወፍራም እርጎ ቀጥኖ በስፓቱላ፣ መስመሩን በሰያፍ እያቋረጡ፣ ጫን ተብሎ ይለቀለቅና ወዲያው ይፋቃል። ዓላማው ስንጥቁ ውስጥ ብቻ እንዲቀር እንጂ ግድግዳውን መለሰን አይደለም። በወፍራሙ የተለሰነ ስቱኮ ይሰነጠቃል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ጠርዝ ላይ ነው። እኔም በ1990 ዓ.ም. የተሸነፍኩት እዚያው ነው። በጠርዙ በኩል የአንዳንዱ ንብብር ቃጫ አፉን ከፍቶ ወደ ውጭ ስለሚመለከት ቀለም እንደ ስፖንጅ ይመጣል። ግድግዳው ሲያብረቀርቅ ጠርዙ ደብዛዛና ሻካራ ይሆናል። አዛውንቱ ሦስት መንገድ ነገሩኝ። አንደኛው ነጭ ኮላን ከውኃ ጋር እኩል በጥብጦ ጠርዙን ማጠጣት፣ ሲደርቅ ማሸት፣ እንደገና ማጠጣት፣ ከዚያ በስቱኮ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ጋራዦች የሚጠቀሙበት፣ ከማጠንከሪያው ጋር ተለውሶ የሚቀባው የመኪና ስቱኮ ነው። አይሸሽም፣ ጥልቅ ክፍተት ይሞላል፣ ጠርዙም ስለት ይይዛል። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ደጅ ነው የሚሠራው፤ በደቂቃዎች ውስጥም ስለሚጠነክር የሚለወሰው በትንሽ በትንሹ ነው። ሦስተኛው ጠርዙን በስስ የእንጨት ዘንግ መሸፈን ነው። ለጣሪያው ዳር ሦስተኛውን፣ ለመስኮቶቹ የመጀመሪያውን ወሰድኩ። የመኪና ስቱኮው ባይከፋም ልጅ ለምትይዘው ነገር ልቤ አልፈቀደም። የኔ ፈሪነት ሊሆን ይችላል። እንደ ቢላ የሾለ ጠርዝም በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሁለቴ ዳበስ ሊደረግ ይገባል። ቀለም ከሾለ ጥግ ላይ ይሸሻል፤ መላጥ የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ከዚያ እርጥበት ነው። ፕላስቲክ ቀለም በውኃ የሚሠራ ስለሆነ መጀመሪያ ሲነካው የእንጨቱ ቃጫ ይቆማል፤ ለስላሳው ግድግዳ በአንድ ሌሊት የድመት ምላስ ይሆናል። መፍትሔው አስቀድሞ ማስቆም ነው። ግድግዳው በእርጥብ፣ ነገር ግን በማይንጠባጠብ ጨርቅ ይታበሳል፣ ይደርቃል፣ የቆመው ቃጫ በ220 ቀስ ተደርጎ ይላጫል። ሲንተቲክ የምንለው የዘይት ቀለም ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ሽታው ብዙ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለመድረቅም አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል።

ሁሉንም በቃል ከምቀበል ብዬ ከቁርጥራጩ አራት ናሙና ሠራሁ። አንዱን ምንም ሳላደርግ ቀባሁት፤ የ1990 ዓ.ም. ቤቴ ሆነ። ሁለተኛውን አሽቼ ብቻ ቀባሁት፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥሩ ነው፣ ከጎን ብርሃን ሲያገኘው ግን መስመሩ ይታያል። ሦስተኛውን አሽቼ ሁለት ጊዜ ፕራይመር ቀባሁት፤ በብዙ ተሻሻለ። አራተኛው ስቱኮም ፕራይመርም ያገኘው ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጥፍሬ ብፈትሸው ወረቀት መሰለኝ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ከሁሉም ደረጃ አንዱን ዝለል ብባል ስቱኮውን እዘላለሁ እንጂ ፕራይመሩን አልዘልም።

ፕራይመር ሁለት ሥራ አለው። እንጨቱ ቀለም እንዳይጠጣ ይዘጋል፤ ሲታሽም ዱቄት የሚሆን ልስላሴ ይሰጣል። ስስ ተደርጎ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ በየመሀሉ በ320 ይታሻል። የመጀመሪያው ፕራይመር ሲደርቅ መብራት አጥፍቶ ባትሪ ከግድግዳው ጎን ማብራት ነው። ያመለጠው ጉድለት ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ ስቱኮ በእጅ ይዞ መጠበቅ ነው። ጉጥ ካለ ሙጫው ከዓመት በኋላም ቢሆን ቢጫ ሆኖ ስለሚወጣ ከፕራይመሩ በፊት በሼላክ ይዘጋል። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ሲሆን ከረሜላና ኪኒን ለመለበጥም ያገለግላል። የግድግዳው የውስጥ ወገንም አብሮ መቀባት አለበት። አንድ ወገኑ ብቻ የታሸገ ስስ ኮምፔርሳቶ እርጥበት ሲለዋወጥ ይጎብጣል።

ይህን ሁሉ መታገል ለማይፈልግ ሰው አቋራጭም አለ። ወፍራም ለስላሳ ወረቀት ግድግዳው ላይ በኮላ ለጥፎ፣ አየር ሳይገባ ደምድሞ፣ በላዩ መቀባት ነው። የእንጨቱ መስመር ከነጭራሹ ይጠፋል። ጠርዙን ግን አያድንም።

ስለ ቀለሙ ብዙ የምለው የለኝም። በስፖንጅ ሮለር፣ ስስ ስስ ተደርጎ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም ጉድለትን ያጋልጣል፣ ደብዛዛው ይምራል። ሻጩን ሊድ የለበትም ወይ ብሎ መጠየቅና ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንደ መብት እንጂ እንደ መሽኮርመም አይታይ። እኔ ስጠይቅ ሻጩ ስቆብኝ ነበር። ቢሆንም ከኋላ ገብቶ የሚያሳየኝን ጣሳ ይዞ መጣ።

ሥራው የተጀመረው በክረምት ስለነበር የመጀመሪያው ፕራይመር ለመድረቅ ጣሳው ከሚለው ጊዜ እጥፍ ፈጀ። ቸኩዬ ያሸሁት ክፍል እንደ ማስቲካ ወረቀቱ ላይ ተጠቀለለ። ከዚያ በኋላ ጥፍር ሲነካው ምልክት የማይቀበል መሆኑን ሳላረጋግጥ አልነካውም። ቤቱ ያለቀው መስከረም ውስጥ ነው። የልጅ ልጄ ቢጫ እንዲሆን ስለፈለገች ቢጫ ነው። በጥፍሯ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ጫረችና "አያ፣ መስመሩስ?" አለችኝ። አሮጌውን እያየች ስለነበር መስመር የቤት ጌጥ መስሏት ኖሯል።

አሮጌው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተመልሷል። ልጄ እንዲጣል አልፈቀደችም። የግቢያችን ዘበኛ "ጋሼ፣ ለማገዶ ይሆነኝ ነበር" ብሎ ጠይቆኛል። ሊድ ያለበት ቀለም ሲቃጠል ጭሱም አመዱም መርዝ እንደሚሆን አስረዳሁት፤ እንጨት ደብቄ የነፈግሁት እንዳይመስለው ደግሞ የአዲሱን ቁርጥራጭ፣ ቀለም ያልነካውን፣ ሰበሰብኩና ሰጠሁት።